ኢማሙን ብንጋብዛቸው ምን እንጠይቃቸዋለን?

«ማንም ወደ እናንተ ቢመጣ ይህንም ትምህርት ባያመጣ በቤታችሁ አትቀበሉት ሰላምም አትበሉት።» ጥቅሱ የዮሐንስ ሁለተኛ መልእክት ቁጥር 10 ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በምንሰበሰብበት ደብር የሰበካ ጉባኤ ላይ አንድ አባት ይህን ቃል አንብበው ሲቀመጡ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያቀረቡት ሐሳብ እዚያው የተዘጋ መስሎ ነበር። ወጣቶቹ የጠየቁት በሰፈሩ ያለው መስጊድ ኢማም አንድ እሑድ መጥተው ለምእመናን እንዲናገሩ ነው። ክርክሩ ግን ከስብሰባው ወጥቶ በየቤቱ ገባ፤ እኔም ቤት ገብቶ አላስተኛ ስላለኝ የማምንበትን ልጽፍ ተነሣሁ። ኢማሙ ይምጡ ባይ ነኝ። ነገር ግን ለምን እንደሚመጡና የት ቆመው እንደሚናገሩ ሳንስማማ ከሆነ ባይመጡ ይሻላል።

ጥቅሱን በቀላሉ አላልፈውም። ሐዋርያው ስለ ማን እንደሚናገር ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ ራሱ ይነግረናል፤ ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋ እንደ መጣ የማያምኑ አሳቾች ወደ ዓለም ገብተዋል ይላል። በዚያ ዘመን ክርስቲያኖች የሚሰበሰቡት በየሰው ቤት ነበር። መምህራንም ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ፣ በተቀበላቸው ሰው ቤት እያደሩ ያስተምሩ ነበርና ቤትን መክፈት ማለት ጉባኤውን አሳልፎ መስጠት ማለት ነበር። የሚያስፈራው ወንድም መስሎ ገብቶ ሌላ የሚያስተምረው ሰው ነው። ኢማሙ ግን ማንንም መስለው አይመጡም። በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ልብስ፣ ሙስሊም ሆነው ነው የሚመጡት። ካህን መስለውት የሚከተላቸው አንድም ሰው አይኖርም።

ያው መጽሐፍ ደግሞ ዮቶርን ይዟል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 የምድያም ካህን ዮቶር አማቹን ሙሴን ሊጠይቅ ወደ ምድረ በዳ ይመጣል። ሙሴ ወጥቶ ይሰግድለታል፣ ይስመዋል፣ ወደ ድንኳኑም ያስገባዋል። በማግስቱ ዮቶር ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ ያይና ይህ የምታደርገው ነገር መልካም አይደለም ይለዋል፤ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆችን ሹም። ሙሴም ይሰማዋል። የእስራኤል የዳኝነት ሥርዐት ከሌላ ሀገር በመጣ ካህን ምክር ተቀየረ ማለት ነው። ዮቶር እግዚአብሔር ከአማልክት ሁሉ እንደሚበልጥ አሁን ዐወቅሁ ብሏልና የሌላ እምነት ሰው አይባልም የሚሉኝ አሉ። ይሁን። ግን ከሙሴ ጋር አልቀረም፤ ምክሩን ሰጥቶ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ሙሴም ከመስማቱ በፊት የኔን እምነት ተቀበል አላለውም።

እስካሁን የተናገርሁት ለመጋበዝ የሚያደላ ነው። ጥሪው ግን አላግባብ ሲሆን ምን እንደሚያመጣ አይተናል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2017 በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ፣ በቅድስት ማርያም ካቴድራል የኤጲፋንያ ቅዳሴ ይደረግ ነበር። የስኮትላንድ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ካቴድራል ነው። የሰብአ ሰገል መምጣት በሚታሰብበት በዚያ በዓል፣ አንዲት ሙስሊም ተማሪ ተጋብዛ ከቁርኣን ስለ ማርያም የሚናገረውን ምዕራፍ፣ ሱረቱ መርየምን፣ በዐረብኛ አነበበች። ንባቡ መልአኩ ለድንግል ማርያም ያበሠረውንና የልደቱን ነገር ከተናገረ በኋላ፣ አላህ ልጅ ሊይዝ አይገባውም እስከሚለው ዘለቀ። ነገሩ ዓለም አወቀው። ከንግሥት ኤልሳቤጥ ቄሶች አንዱ የነበሩት ጋቪን አሽንደን በአደባባይ ተቃውመው በዚያው ወር ሹመታቸውን ለቀቁ። በካቴድራሉና በአስተዳዳሪው በኬልቪን ሆልድስወርዝ ላይ ደግሞ ስድብና ማስፈራሪያ ዘነበ፤ ፖሊስም ጉዳዩን እስከ መመርመር ደረሰ።

ተማሪዋ ምንም አላጠፋችም። አንብቢ ተባለች፣ የመጽሐፏን ቃል አነበበች። ሰዳቢዎቹን አልደግፍም፤ አንዲት ልጅ ስላነበበች የሚሳደብ ሰው ወንጌልን ተከላከልሁ ሊል አይችልም። የምቃወመው ቦታውንና ሰዓቱን ነው። የወልድን ልደት የሚያከብር ጉባኤ በቅዳሴ መካከል ተቀምጦ የእግዚአብሔር ልጅነቱን የሚክድ ንባብ ይሰማል፤ የሰማውን ግን መጠየቅም መመለስም አይችልም፣ ምክንያቱም ቅዳሴ ነው። አንባቢዋም ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደ ሆነ ላስረዳችሁ ለማለት ዕድል አልነበራትም። ሁለቱም አጠገብ ለአጠገብ ሆነው ሳይነጋገሩ ተለያዩ። እንግዳዋን ጠርተው ጌጥ አደረጓት።

በእኛ ሥርዐት ይህ ከቶ አይታሰብም፤ አለመታሰቡም ትክክል ይመስለኛል። በቅዳሴ ውስጥ ዲያቆኑ «ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን» የሚልበት ሰዓት አለ። ገና በመማር ላይ ያሉት፣ ያልተጠመቁት፣ ሊያምኑ የፈለጉት እንኳ ይወጣሉ። ለማመን የቀረበውን ሰው እንኳ ጊዜህ አልደረሰም የሚል ጸሎት ለእንግዳ ንግግር መድረክ ሊሆን አይችልም። ይህን ስል ከጥላቻ አይደለም። ቅዳሴ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ እንጂ ለተመልካች የሚዘጋጅ ነገር አይደለም፤ ማንም ሰው፣ የእኛው ሰባኪም ቢሆን፣ የራሱን አሳብ ሊያሰማበት አይገባም። ስለዚህ የእኔ ኢማም የሚናገሩት ከቅዳሴ በኋላ፣ በአዳራሹ ውስጥ ነው።

ዋሽንግተን ስላለሁ አንድ ሌላ ጉዳይም እዚህ አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2014 የዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል የጁምዓ ሶላት አስተናገደ። ኹጥባውን፣ ማለትም የጁምዓውን ስብከት፣ ያሰሙት በጊዜው የደቡብ አፍሪካ አምባሳደር የነበሩት ኢብራሂም ረሱል ናቸው። ከካቴድራሉ የአምልኮ ኀላፊ ከቄስ ጂና ካምቤል ጋር የተዋወቁት ለኔልሰን ማንዴላ የመታሰቢያ ጸሎት ሲዘጋጅ ነበርና ሐሳቡም ከዚያ ወዳጅነት ተወለደ። የሰገጃ ምንጣፎቹ የተነጠፉት በሰሜኑ ክንፍ ነው። ስፍራው የተመረጠው ወደ መካ ለመዞር ስለሚመችና መስቀልና ሥዕል ፊት ለፊት ስለማይታይበት ነበር፤ በረጃጅሞቹ የድንጋይ ቅስቶች ሥር ምንጣፎቹ ከግድግዳው ጋር ሰያፍ ሆነው ተዘረጉ። ለጥንቃቄ ሲባል የተጠሩ ሰዎች ብቻ እንዲገቡ ተደርጎ ነበር፤ ቢሆንም አንዲት ሴት በመካከል ተነሥታ ኢየሱስ ክርስቶስ በመስቀል ሞቷል፣ ቤተ ክርስቲያናችንን ልቀቁ ብላ ጮኸች፤ ከአዳራሹም አስወጧት።

ይህን ከግላስጎው ለይቼ አየዋለሁ። እዚህ ሙስሊሞቹ የራሳቸውን ጸሎት በራሳቸው ሥርዐት ጸለዩ፤ ማንም ጸሎቱን ከክርስቲያን ጸሎት ጋር አልቀላቀለም። ምንጣፉን ሰያፍ የዘረጋው እጅ የእንግዳውን ሃይማኖት ያወቀ እጅ ነው። ታቦት በከበረበት ቤታችን ግን አላደርገውም። ያችን ሴት ደግሞ ልረሳት አልችልም። ጩኸቷ ነውር ነው፤ የጮኸችው ነገር ግን የእኔም እምነት ነው፤ ክርስቶስ በመስቀል ሞቷል። ይህ ቃል በዚያ ቀን በጨዋ አንደበት፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ እንግዳውን አክብሮ የሚጠየቅበት ቦታ ቢኖረው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልሁ አስባለሁ። የእርስዎ መጽሐፍ አልሰቀሉትም ይላል፣ የእኛ ሰቀሉት ይላል፣ እርስዎ ይህን እንዴት ያዩታል? ይህ ጥያቄ ስድብ አይደለም። በሁለቱ ሃይማኖቶች መካከል ካሉት ጥያቄዎች ትልቁ ነው።

ሲጋበዙ መጥተው ደስ አሰኝተው የሄዱም አሉ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1911 የባሃኢ እምነት መሪ ዐብዱል ባሃ በለንደኑ ሲቲ ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን፣ በቄስ አር. ጄ. ካምቤል ግብዣ፣ በምዕራቡ ዓለም የመጀመሪያ የሕዝብ ንግግራቸውን አደረጉ። ለብዙ ዓመታት የኦቶማን መንግሥት እስረኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። በሳምንቱ ደግሞ በዌስትሚኒስተር ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ዲያቆን ዊልበርፎርስ የጳጳሱን ወንበር አቀረቡላቸው። የተናገሩት ስለ ሰው ልጅ አንድነት ነበር። ደግነቱን አልንቅም። ግን ጥያቄ አልተጠየቀም፤ ሰሚው ራሱ ሊሰማ የፈለገውን ሰምቶ ሄደ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚገዛው ግን የራሳችን ሀገር ታሪክ ነው። ሙስሊሞች ለዘመናት ሲተርኩት የኖሩት፣ ከስደተኞቹ አንዷ የነበረችው ኡሙ ሰለማ እንዳወራችው የነቢዩ ሙሐመድን ታሪክ የጻፈው ኢብን ኢስሐቅ የመዘገበው ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የሸሹ የሙሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም ንጉሥ ይመጣሉ። የመካ ገዢዎች የነበሩት ቁረይሾችም ዐምር ኢብን አል-ዓስንና ባልደረባውን ቆዳ አስይዘው፣ ስደተኞቹን አስረክበን ብለው ይልካሉ። መልእክተኞቹ አስቀድመው መኳንንቱን በስጦታ ይዘዋል፤ ንጉሡ ሳያነጋግራቸው ይስጠን የሚል ምክር አስይዘዋቸዋል። ንጉሡ ግን ተቆጣ። ሀገሬን መርጠው የመጡ ሰዎችን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። ጳጳሳቱን ጠርቶ መጻሕፍቶቻቸውን በዙሪያው ዘርግተው እንዲቀመጡ አደረገና ስለ ስደተኞቹ የሚናገረውን ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን ነቢያችሁ ካመጣው አንዳች ይዘሃልን? ብሎ ጠየቀው። ጃዕፈር የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ አነበበ። ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ ጳጳሳቱም መጻሕፍቶቻቸው እስኪርሱ አለቀሱ።

በየጉባኤው የሚነገረን እስከዚህ ድረስ ያለው ነው። ተለቀሰ፣ ተዋደድን፣ ተለያየን። ታሪኩ ግን ማግስት አለው። ዐምር ተመልሶ መጥቶ፣ ንጉሥ ሆይ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ኢየሱስ ከባድ ነገር ይናገራሉ፣ አስጠርተህ ጠይቃቸው ይላል። ንጉሡም ያስጠራቸዋል። ስደተኞቹ ተሰብስበው ምን እንላለን ይባባላሉ። ሀገር የላቸውም፣ የተጠለሉበት ንጉሥ ክርስቲያን ነው፣ መልሱ ደግሞ እንደሚያስከፋው ያውቃሉ። የመጣው ይምጣ፣ ነቢያችን ያመጣውን እንናገራለን ብለው ይገባሉ። ጃዕፈርም የአላህ ባሪያ፣ መልእክተኛው፣ መንፈሱና ወደ ድንግል ማርያም ያኖረው ቃሉ ነው ብሎ ይመልሳል። ንጉሡ ከመሬት ጭራሮ አንሥቶ፣ ከዚህ ጭራሮ የሚበልጥ ልዩነት የለም ይላል። መኳንንቱ ያጉረመርማሉ፤ እርሱም ብታጉረመርሙም ይላቸዋል። ለስደተኞቹ ሂዱ፣ በሀገሬ በሰላም ኑሩ ብሎ፣ የቁረይሽ መልእክተኞች ያመጡትንም ስጦታ ይመልሳል።

ንጉሡ ስለ መስለሙና አለመስለሙ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች የማንስማማበት ነው፤ የጭራሮውንም ነገር እኔ እንደ ተዋሕዶ ልጅ ልፈርምበት አልችልም። ለእኔ ልዩነቱ ከጭራሮ እጅግ ይሰፋል። ነገር ግን ሁለተኛውን ቀን ተመልከቱ። ንጉሡ አልፈራም፣ ጠየቀ። እንግዳውም አላለሳለሰም፣ መለሰ። ያልተስማሙትም መኳንንት አለመስማማታቸውን አልደበቁም፤ ቢሆንም ማንም አልተባረረም፣ ማንም አልተወጋም። ግላስጎው ላይ የተነበበው ያው ምዕራፍ ነው፤ በእኛ ምድር ሲነበብ ግን በማግስቱ ጥያቄ ተከተለው። መጋበዝ ማለት ለእኔ ይህ ማግስት ነው።

ያደግሁት በወሎ ነው። በእኛ ሀገር ክርስቲያን ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ በግ ይገዛል። አራጁ ሙስሊም ነው፤ ቢላዋውም፣ ድስቱም፣ ማማሰያውም ከሙስሊም ቤት ይመጣል፣ ጥርጥር እንዳይኖር። አባወራው ራሱ ወደ ሼሁ ቤት ሄዶ፣ ሼህ፣ የእናንተን እናንተው ባርኩልን ብሎ ይለምናል። ሙስሊሙም ሲድር ለእኛ እንዲሁ ያደርጋል። ሥጋው አንድ ነው፣ ምን ልዩነት አለው ብሎ ሌላውን የሚያባብል ሰው ቢነሣ እንደ ባለጌ ይታያል። እንግዳው ያከበረውን ነገር አውቆለት፣ ለእርሱ የሚሆነውን በእርሱ እጅ አሠርቶ፣ በአንድ ዳስ ሥር ማብላት ነው ወጉ። ሃይማኖቶች ሁሉ አንድ ናቸው የሚለውን ንግግር ስሰማ የሚከፋኝ ለዚህ ነው፤ እኔንም ሼሁንም አያውቀንም።

እንዲህ ያለ ወግ እያለን፣ በጉባኤዎቻችን ላይ የምናየው ሌላ ነው። የሆቴል አዳራሽ፣ በመድረኩ ላይ የተሰቀለ ባነር፣ ከየሃይማኖቱ አንድ አንድ ተወካይ። ሁሉም ተራ በተራ ሃይማኖታችን ሰላምን ይሰብካል ይላሉ፤ ሀገር የጋራ ነው ሃይማኖት የግል ነው ይባላል፤ ፎቶ ይነሣል፣ ሻይ ይጠጣል። ሰላም መሰበኩን አልጠላም። ነገር ግን በ2010 በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ በ2012 በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ በ2014 በጎንደር በቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ሲገደሉ፣ እነዚያ ንግግሮች ወዴት እንደ ሄዱ ራሴን እጠይቃለሁ። ያቃጠለው ወጣት በዚያ አዳራሽ አልነበረም። በአዳራሹ የነበሩትም ቢሆኑ ስለ ሌላው እምነት አዲስ ነገር ሰምተው አልወጡም፤ የተሰማው ማንም የማይክደው ነገር ብቻ ነበርና።

ወጣቶቻችን ይደናገራሉ የሚለው ስጋት ነው አባቶችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው። ወጣቶቹ ግን ከእስልምና ጋር ከተገናኙ ቆይቷል፤ የተገናኙት በስልካቸው ነው። ማታ ማታ በቲክቶክና በዩቲዩብ አንዱ ሌላውን የሚያዋርድበትን ክርክር ይሰማሉ። ካንዱ ወገን የሌላው ነቢይ ይሰደባል፣ ከሌላው ወገን እመቤታችን ትሰደባለች፤ ተመልካች የሚበዛለትም በጣም የሰደበው ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀርባቸው ሙስሊም ሁሉ በዚያ በሚጮኸው ሰው መልክ ይታያቸዋል። አንድ የተማሩ፣ የተረጋጉ ኢማም ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ዓይናቸው እየታየ፣ ድምፃቸው ሳይጨምር ለምን በሥላሴ እንደማያምኑ ቢናገሩ ከስልኩ የበለጠ ያደናግራል ብዬ አላምንም። የሚያደናግረው መልስ ማጣት ነው፤ መልስ ደግሞ ማዘጋጀት የእኛ ግዴታ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ በእናንተ ስላለ ተስፋ ምክንያትን ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ ብሎ፣ በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ሲል ይጨምራል። የማይጠየቅ ሰው መልስ አይዘጋጅም፤ የዋህነትንም የሚማርበት ቦታ አያገኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ቀኑ ከዐቢይ ጾምና ከረመዳን ውጪ ይሁን፤ ሁለቱም ወገን ደክሞት እንዳይመጣ። ሰዓቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቦታው አዳራሹ። ኢማሙ አማርኛ ስለማያውቁ አስተርጓሚው ከሁለቱም ሃይማኖት ቃላት ጋር የሚተዋወቅ ሰው ይሁን፤ በትርጉም ምክንያት ሰው እንዳይጎዳ። ንግግራቸው ስለ ሰላም በጎነት እንዲሆን አንለምናቸው። ስለ ጸሎታቸው፣ ስለ ጾማቸው፣ ስለ ማርያም፣ ከዚያም ከእኛ ስለሚለዩበት ነገር ይንገሩን። ጥያቄዎቹን ወጣቶቹ ራሳቸው አስቀድመው ይጻፉ፤ ካህናቱም ያንብቧቸው፤ የሚያዋርድ ካለበት ይታረም፣ ከባድ የሆነው ግን በፍጹም አይሰረዝ። ልጅዎ ክርስቲያን ሊሆን ቢፈልግ ምን ይሉታል? በመካከለኛው ምሥራቅ ሙስሊም አሠሪዎች ቤት ሆነው ለመጸለይ ስለሚደበቁ እኅቶቻችን ምን ይላሉ? እነርሱም በተራቸው ስለ ሙስሊም ወገኖቻችን የሚያሳምም ነገር ይጠይቁናል፤ ልንሰማው ይገባል።

ከዚያ በኋላ ወደ እነርሱ የምንሄድበት ቀን አሁኑኑ ይቆረጥ። ያኔ የምንልከው ሰው በጨዋነቱ ብቻ የተመረጠ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በሊቃውንት እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ፣ በመስጊዱ ምንጣፍ ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀምጦ ለምን ሦስት ትላላችሁ ሲባል የማይሸሽ፣ ምሥጢረ ሥላሴን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያስረዳ መምህር እንላክ። እንዲህ ያሉ መምህራን አሉን፤ ከራሳችን ምእመናን ውጪ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።